ሮሚዮና ጁልየትን ለመድረክ ማጥናት፦ ከሰዓቱ ጀምሩ

ይህን ተውኔት ከወጣቶች ጋር ለማንበብ የተቀመጥኩበት የመጀመሪያ ቀን አይረሳኝም። ሮሚዮን የሚያነበው ልጅ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ልቅሶ ቤት የገባ ይመስል ድምፁን ሰበር አድርጎ፣ ቃሉን እየጎተተ ያነባል። «ምነው?» አልኩት። «መጨረሻ ላይ ይሞታል እኮ» አለኝ።

እውነቱን ነው፣ ይሞታል። ሮሚዮ ግን ይህን አያውቅም። እሑድ ጠዋት ስናገኘው ልቡ የተሰቀለው ሮዛሊን በምትባል ሌላ ሴት ላይ ነው፤ ጁልየት የምትባል ልጅ መኖሯንም አልሰማም። እኛ ታሪኩን ገና ሳናነበው ስለምናውቀው ከፊቱ እንቀድመዋለን፤ ቀድመን ስናለቅስለትም ተውኔቱ እጃችን ላይ ይሞታል። ከዚያ ቀን ወዲህ ማንኛውንም ቡድን ሳስጠና የምጀምረው ከሰዓቱ ነው። ፍቅሩን ሁሉም ሰው ያገኘዋል። ችኮላውን ግን ካልፈለጉት አያገኙትም፤ እነዚህን ልጆች የገደላቸው ደግሞ፣ ከቤተሰቦቻቸው ጠብ እኩል፣ እሱ ነው።

ከዚህ በታች የማስቀምጠው ለድራማ ክበብ፣ ለክፍል ተማሪዎች ወይም ተውኔቱን በራሱ ማጥናት ለሚፈልግ ሰው ነው። ቅደም ተከተሉን ጠብቁ፤ በተለይ ሦስተኛውን ደረጃ አትዝለሉ።

1. ጽሑፉን ያዙ

ሼክስፒር ተውኔቱን የጻፈው በ1590ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) እንደሆነ ይታመናል። መጀመሪያ የታተመው በ1597 ሲሆን አጭርና ብዙ ቦታ የተዛባ ቅጂ ነበር። በ1599 ረዘም ያለና የተሻለ ቅጂ ወጣ፤ የዛሬዎቹ እትሞች በአብዛኛው የሚመሠረቱት በዚህኛው ላይ ነው። የ1597ቱን ግን አትናቁት። ተውኔቱን መድረክ ላይ ያየ ሰው የጻፋቸው የሚመስሉ የእንቅስቃሴ ምልክቶች አሉት። ጁልየት ልትጋባ ወደ መነኩሴው ስትመጣ፣ ፈጠን ብላ ገብታ ሮሚዮን እንደምታቅፈው ይነግረናል። ያቺ «ፈጠን ብላ» ለአንዲት ተዋናይት ከአሥር ገጽ ትንታኔ ትበልጥባታለች። እትማችሁ የግርጌ ማስታወሻ ካለው እንዲህ ያሉትን ምልክቶች ከየትኛው ቅጂ እንዳመጣቸው ተመልከቱ።

ተውኔቱን ከበደ ሚካኤል ወደ አማርኛ መልሰውታል። እጃችሁ ከገባ እንግሊዝኛውን ጎን ለጎን አድርጋችሁ ያዙ፤ በአማርኛው ጆሯችሁን አሟሹ፣ በእንግሊዝኛው አመሳክሩ። አሜሪካ ያሉ ልጆች ብዙውን ጊዜ 9ኛ ክፍል ላይ ይህን ተውኔት በትምህርት ቤት ያገኙታል፤ እናትና አባት በአማርኛ፣ ልጅ በእንግሊዝኛ ሆነው አንድ ትዕይንት እየተቀባበሉ ቢያነቡ ሁለቱም ወገን የሚማረው አያጣም።

2. አንድ ጊዜ፣ ጮክ ብላችሁ፣ ሳታቋርጡ

ክብ ሠርታችሁ ተቀመጡ። ገጸ ባሕርያትን አትከፋፈሉ፤ ተናጋሪ በተቀየረ ቁጥር ቀጣዩ ሰው ይቀበል። በመጀመሪያው ቀን «ጁልየት እኔ ነኝ» የሚል ሰው ካለ የሌሎቹን ቃል አይሰማም፤ የራሱን ተራ ብቻ ይጠብቃል። ያልገባችሁ ቃል ሲያጋጥማችሁ በእርሳስ ምልክት አድርጋችሁ እለፉ።

የመግቢያው ግጥም መጨረሻውን ከነጭራሹ ይነግረናል፦ ሁለቱ እንደሚሞቱ፣ ሞታቸውም የወላጆቻቸውን ጠብ አብሮ እንደሚቀብር። መድረኩ ላይ የሚወስደውንም ጊዜ «ሁለት ሰዓት» ይለዋል። ሙሉው ጽሑፍ ሲተወን አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ ይረዝማል፤ ቢሆንም ደራሲው የፈለገውን ፍጥነት ከዚህ እንረዳለን። እያዘገማችሁ ካነበባችሁ ጽሑፉን እየተቃወማችሁት ነው።

3. የቀኖቹን መቁጠሪያ ሥሩ

ትልቅ ወረቀት ግድግዳ ላይ ለጥፉ፤ ከእሑድ እስከ ዓርብ አምድ አስምሩ። እያንዳንዱን ትዕይንት በቀኑና በሰዓቱ ቦታ ጻፉ። ፍንጮቹ ከገጸ ባሕርያቱ አፍ ይወጣሉ፤ ማደን የእናንተ ሥራ ነው።

ይህን የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። ሼክስፒር ታሪኩን ያገኘው አርተር ብሩክ በ1562 ካሳተመው ረጅም የትረካ ግጥም ነው። እዚያ ነገሩ ወራት ይፈጃል፣ ጁልየትም 16 ዓመቷ ነው። ሼክስፒር ወራቱን ወደ ጥቂት ቀናት ጨመቃቸው፣ ልጅቷንም ገና 14 ያልሞላት አደረጋት። ሁለቱም አውቆ ያደረጋቸው ለውጦች ናቸው፤ ተውኔቱን ከምንጩ የሚለየው ትልቁ ነገርም ይህ ይመስለኛል።

እሑድ። የሁለቱ ቤቶች፣ የሮሚዮ ሞንታግና የጁልየት ካፑሌት፣ የአደባባይ ጠብ ካበቃ በኋላ ቤንቮሊዮ ለዘመዱ ለሮሚዮ የሚነግረው ሰዓት በእኛ አቆጣጠር ጠዋት 3 ሰዓት ነው። መስፍኑ፣ ከእንግዲህ ጠብ ያነሣ በሞት ይቀጣል ብሎ ያውጃል። ማታ በጁልየት አባት በካፑሌት ቤት ድግስ ነው፤ ሮሚዮ ጭንብል አድርጎ ይገባል፣ ጁልየትን ያያል። እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ መስኮቷ ሥር ቆሟል።

ሰኞ። ሲነጋጋ ሮሚዮ መነኩሴው አባ ሎሬንስ ዘንድ ይሮጣል። ጁልየት ሞግዚቷን ጠዋት 3 ሰዓት ልካታለች፤ በግማሽ ሰዓት እመለሳለሁ ያለችው ሞግዚት 6 ሰዓት ሆኖም የለችም። ከሰዓት በኋላ ይጋባሉ። አንድ ሰዓት ቢሆን ነው፣ የሮሚዮ ጓደኛ መርኩሽዮና የጁልየት ዘመድ ቲባልት ሁለቱም ሬሳ ሆነዋል። ሮሚዮ ቲባልትን «ዘመዴ ከሆነ አንድ ሰዓቱ» ይለዋል፤ ጁልየት መርዶውን ስትሰማ ራሷን የሦስት ሰዓት ሚስት ትላለች። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች በቀይ ጻፏቸው። በዚያው ሌሊት፣ ልጁ ፎቅ ላይ ከባሏ ጋር ሳለች፣ ካፑሌት ታች ሆኖ ፓሪስ ለሚባል ባላባት ይድራታል። «ዛሬ ምን ቀን ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ «ሰኞ» ይባላል፤ ረቡዕ ቅርብ ነው፣ ሐሙስ ይሁን ይላል።

ማክሰኞ። ንጋት ላይ፣ ቲባልትን በመግደሉ ከከተማ የተባረረው ሮሚዮ ወደ ማንቱዋ ከተማ ይወጣል። ጁልየት ከሠርጉ ለማምለጥ ከአባ ሎሬንስ የሞተ የሚያስመስል የእንቅልፍ መድኃኒት ተቀብላ ስትመለስ አባቷን ይቅርታ ትጠይቃለች፤ እሱም ከደስታው ብዛት ሠርጉን ከሐሙስ ወደ ረቡዕ ያቀርበዋል። ማታ መድኃኒቱን ትጠጣለች።

ረቡዕ የሠርጉ ቤት ልቅሶ ቤት ይሆናል።

ከዚህ በኋላ ሒሳቡ ያስቸግራል፤ ቢያስቸግርም አትለፉት። አባ ሎሬንስ እንቅልፉ 42 ሰዓት ይቆያል ብለዋል። ከማክሰኞ ማታ ብትቆጥሩ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ይመጣል። የመቃብሩ ትዕይንት ግን የሚያበቃው ጎህ ሲቀድ ነው፤ ዘበኛው ደግሞ ጁልየት ከተቀበረች ሁለት ቀኗ ነው ይላል። የሐሙስ ንጋት ነው ወይስ የዓርብ? ቡድኑ ይከራከር፣ አንዱን መርጣችሁም ጻፉ። መልሱ ሮሚዮ ከማንቱዋ ምን ያህል እየጋለበ እንደመጣ፣ ስንት ሌሊት እንዳልተኛ ይወስንላችኋል። የሮሚዮ ተዋናይ ይህን ማወቅ ግዴታው ነው።

ወቅቱንም አስተውሉ። ሞግዚቷ ጁልየት 14 የሚሞላት በኦገስት መባቻ ዋዜማ እንደሆነ ትናገራለች፤ ለዚያም ሁለት ሳምንት ከጥቂት ቀን ቀርቷል። ስለዚህ ጊዜው የእኛ ሐምሌ ነው። ለእኛ ሐምሌ ዝናብ፣ ጭቃና ጋቢ ነው፤ ታሪኩ በሚፈጸምባት ቬሮና ውስጥ ግን አናት የሚበሳ ፀሐይ ነው። ቤንቮሊዮ ከጠቡ በፊት «እንግባ፣ በዚህ ሙቀት ደም ይፈላል» የሚለው ለዚህ ነው። ተዋንያኑ ላብ የጠመቃቸው ሰዎች መሆናቸውን ካልያዙ ያ ትዕይንት አይነሣም።

ስለ ዕድሜዋ አንድ ነገር ልጨምር። ካፑሌት መጀመሪያ ላይ ለፓሪስ፣ ልጄ ገና ናት፣ ሁለት ክረምት ይለፍ፣ በልጅነታቸው እናት የሆኑ ቶሎ ይጎዳሉ ይለዋል። አገራችን በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ 18 ያደረገበትን ምክንያት ይህ ሰው በአንድ አፉ ተናግሮታል። ሁለት ቀን ሳይሞላው ግን በሌላ አፉ ሐሙስን ቆርጧል። ሴት ተማሪዎች ባሉበት ቡድን ይህን ነጥብ ሳልወያይበት አልፌ አላውቅም። ከሌላ መንደር የመጣ ተረት አይሆንባቸውም፤ እንዲህ በአንድ ማታ የተቆረጠላት ዘመድ ወይም ጎረቤት ያላት ልጅ አትጠፋም።

4. ክፍት የነበሩትን በሮች ፈልጉ

አሁን መቁጠሪያው ፊት ቁሙና በየትዕይንቱ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ እዚህ ጋ ነገሩ ሊተርፍ ይችል ነበር? አዎ ካላችሁ ትንሽ ወረቀት ለጥፉበት።

የመጀመሪያው በር እንደ ቀልድ ያልፋል። ካፑሌት የተጋባዦችን ስም ዝርዝር ለአሽከሩ ይሰጠዋል፤ አሽከሩ ማንበብ አይችልም። መንገድ ላይ ያገኘውን ወጣት «አንብብልኝ» ይለዋል። ያ ወጣት ሮሚዮ ነው። አሽከሩ ፊደል ቆጥሮ ቢሆን ሮሚዮ ድግሱን አይሰማም ነበር።

ሁለተኛው ካፑሌት ቤት ውስጥ ነው። ቲባልት ሮሚዮን በድምፁ ለይቶ ሰይፍ ሊያስመጣ ሲል የሚከለክለው ማን ነው? ራሱ ካፑሌት። ልጁን ጨዋ፣ ሥርዓት ያለው እያለ ያወድሰዋል። ደመኛው እንግድነቱን አክብሮለታል! በዚያች ሌሊት አንድ ሰው መሐል ቢገባ ኖሮ እላለሁ ሁልጊዜ።

እዚህ ላይ የእኛ ሰው የሚያነሣውን ጥያቄ አንሡ፦ ሽማግሌ የለም እንዴ? በሁለት ቤት መካከል ደም ሲፈስ የሚቀመጥ ሽማግሌ፣ ደም የሚያደርቅ ሰው፣ የት አለ? መስፍኑ ያውጃል፣ ይቀጣል፤ አያስታርቅም። አባ ሎሬንስ ማስታረቅ ይፈልጋሉ፤ ልጆቹን የሚያጋቡትም የሁለቱን ቤት ቂም ወደ ፍቅር ይለውጠው ይሆናል ብለው እንደሆነ በግልጽ ይናገራሉ። ግን በምስጢር አደረጉት። እርቅ የሚጸናው በአደባባይ ሲሆን እንደሆነ የሚያውቅ አንባቢ፣ የእኚህን ደግ ሰው ስሕተት ከብዙ የውጭ ተንታኝ ቀድሞ ያያል። ይህን ዕውቀታችሁን ይዛችሁ ግቡ፤ «የእነሱ ባህል ነው» ብላችሁ ደጅ አትተዉት።

ሌሎቹን በሮች እናንተው ቁጠሩ፦ ሮሚዮ ሊገላግል መሐል ገብቶ መርኩሽዮ በእሱ ክንድ ሥር የተወጋባት ቅጽበት፣ ካፑሌት በአንድ ቀን ያቀረባት ሠርግ፣ የጁልየት ሞት የውሸት መሆኑን ለሮሚዮ የሚያስረዳ ደብዳቤ ይዞ የተላከው አባ ጆን ወረርሽኝ ተጠርጥሮ ቤት የተቆለፈበት ሌሊት። እኔ ያሠራሁት አንድ ቡድን 17 ወረቀት ለጥፏል። ከዚያ በኋላ ድምፁን ሰብሮ ያነበበ ሰው አልነበረም። ለምን? እያንዳንዱ ተዋናይ በሩ ክፍት መሆኑን ስላየ ተስፋ ማድረግ ጀመረ። ተመልካች ልቡ የሚሰበረው ተስፋ ካለው ሰው ጋር ሲሄድ ነው።

5. አሥራ አራቱን ስንኞች በእግራችሁ አጥኑ

ይህ ክፍል ለእኔ የተውኔቱ ዕንቁ ነው፤ አንድ ሙሉ ቀን ስጡት።

ሮሚዮና ጁልየት ድግሱ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነጋገሩ የሚለዋወጡት ቃል፣ ደምራችሁ ስትቆጥሩት፣ 14 ስንኝ ያለው አንድ ሙሉ ግጥም ነው። ሶኔት ይሉታል፤ በዘመኑ የፍቅር ግጥም ዋነኛ ቅርጽ ነበር። በተለምዶ አንድ ሰው ብቻውን ለማያገኛት ሴት ይጽፈዋል። እዚህ ግን ሁለት ሰዎች፣ ያውም የማይተዋወቁ፣ ሳያቅዱ አብረው ይሠሩታል። እሱ አራት ስንኝ ይላል፤ እጇን መቅደስ፣ ከንፈሩን ተሳላሚ ያደርጋል። እሷ በአራት ትመልሳለች፤ መዳፍ ለመዳፍ መንካት የተሳላሚዎች ሰላምታ ነው ትለዋለች። ከዚያ እሱ አንድ፣ እሷ አንድ፣ እሱ ሁለት፣ እሷ አንድ፣ እሱ አንድ። ቤት መቱ። ተሳሳሙ።

ወለሉ ላይ ሁለት ሰዎች በሰባት እርምጃ ርቀት አቁሙ። ስንኝ በተባለ ቁጥር ተናጋሪው አንድ ግማሽ እርምጃ ይቅረብ። ሲጀምሩ በአራት በአራት ነበር የሚነጋገሩት፤ ሲቀርቡ በአንድ በአንድ ሆነ። ትንፋሻቸው እያጠረ መሆኑን ሰውነታቸው ይነግራቸዋል፤ እናንተ ማብራራት አይጠበቅባችሁም።

አሁን ቀጥሎ ያለውን አንብቡ። ከመሳሳማቸው በኋላ ሌላ አራት ስንኝ ይቀባበላሉ፤ አዲስ ሶኔት ጀምረዋል። አራተኛው ላይ ሞግዚቷ ትደርስና «እናትሽ ይፈልጉሻል» ትላለች። ሁለተኛው ግጥም በዚያው ተቆርጦ ቀረ። ያልተጻፉት አሥር ስንኞች የዚህ ተውኔት ሁሉ ነገር ናቸው። ሞግዚቷን የምትሠራው ተዋናይት የምትገባበትን ስንኝ በቁጥር ታጥና፤ አንድ ስንኝ ቀድማ ወይም ዘግይታ ብትገባ ትዕይንቱ ይበላሻል።

በአማርኛ የምትሠሩ ከሆነ የስንኙ ጉዳይ ይገጥማችኋል። እንግሊዝኛው በአብዛኛው ቤት አይመታም፤ በስንኝ አሥር ያህል ቀለም፣ አምስት ምት ነው። የእኛ ጆሮ ደግሞ ቤት ያልመታ ግጥም ሲሰማ የጎደለ ነገር ይሰማዋል። የእኔ ምክር፦ በሌላው ቦታ ቤት መድፋት ቢያስቸግራችሁ ተዉት፤ እነዚህን 14 ስንኞች ግን ቤት አስመቷቸው። የወል ቤቱ ስድስት ስድስት በደንብ ይሸከማቸዋል።

6. ማን ማንን «አንተ» ይላል?

የዛሬ እንግሊዝኛ ይህን ልዩነት አጥቶታል፤ እኛ ግን አለን። በሼክስፒር ዘመን ለቅርብ ሰው አንድ ቃል፣ ለሚከበር ሰው ሌላ ቃል ነበር። ጁልየት በድግሱ ላይ ሮሚዮን በማክበሪያው ነው የምታናግረው። በዚያው ሌሊት መስኮቷ ላይ ሆና «አንተ» ትለዋለች። አማርኛ ይህን ሽግግር ያለ ምንም ድካም ይሠራዋል፤ «እርስዎ» ብላ የጀመረች ልጅ «አንተ» ስትል ተመልካቹ መቀመጫው ላይ ይስተካከላል። ትርጉማችሁ ይህን ካልጠበቀ አርሙት።

ካፑሌት ልጁ ላይ ሲቆጣ ግን ሌላ ችግር አለ። አማርኛ ውስጥ አባት ልጁን ቢቆጣም ባይቆጣም «አንቺ» ነው የሚላት። መውጫው ፌዙ ነው፤ ጽሑፉ ውስጥ እመቤት እያለ ያላግጥባታል። «እሜቴ» ብሎ ይጀምርና ወደ ስድቡ ይውረድ፤ ሚስቱ ሳትቀር «አበዱ እንዴ?» እስክትለው ድረስ።

በዚያው መስኮት ላይ ጁልየት የምትለው በጣም የታወቀው ቃል በስሕተት ሲተረጎም እሰማለሁ። «ሮሚዮ ሆይ፣ የት ነህ?» አይደለም። «ሮሚዮ ሆይ፣ ስለ ምን ሮሚዮ ሆንክ?» ነው። ችግሯ ስሙ ነው፣ የጠላት ቤት ስም። ስለዚህ ተዋናይቷ ዓይኗን በእጇ ጋርዳ በጨለማ ውስጥ ስትፈልገው ካየሁ ልምምዱን አስቆማለሁ። እዚያ መኖሩንም አታውቅም።

7. መርኩሽዮን በሰምና ወርቅ ፍቱት

መርኩሽዮ ያለ ቅኔ አይናገርም። ተወግቶ እንኳን ይጫወታል፤ ነገ ብትጠይቁኝ እንዲህ ያለ ሰው ሆኜ ታገኙኛላችሁ ሲል የሚጠቀምበት ቃል በእንግሊዝኛ «ቁም ነገረኛ»ም «መቃብር»ም ይሆናል። ብዙ ሰው በአማርኛ አይመጣም ይላል። ይመጣል፦ «ነገ ጠይቁኝ፤ ያረፈ ሰው ሆኜ ታገኙኛላችሁ።» ሰሙ፣ አርፎ የተቀመጠ ሰው። ወርቁ፣ ነፍሱ ያረፈች። አፉ ለአፍታ አርፎ ለማያውቅ ሰው ከዚህ የተሻለ አልፈልግም። ተዋናዩ «ያረፈ» የምትለዋን ሳይጫናት፣ እንደ ቀልድ ይልቀቃት። ጓደኞቹ ይሳቁ። ደሙን የሚያዩት ከሳቁ በኋላ ይሁን።

እስከዚህች ቅጽበት ድረስ ተውኔቱ ከኮሜዲ ብዙ አይርቅም፦ ጭፈራ አለ፣ የምትቀልድ ሞግዚት አለች፣ ምስጢራዊ ሠርግ አለ። መርኩሽዮ ሲሞት ሳቁ አብሮት ይሄዳል። የመጀመሪያውን ግማሽ ያላሳቀ ቡድን ሁለተኛውን ማስለቀስ አይችልም።

8. የሞግዚቷን ሁለት መልእክቶች አስተያዩ

ሁለት ትዕይንቶች ጎን ለጎን አስቀምጡ፤ የሁለተኛው ገቢር አምስተኛና የሦስተኛው ገቢር ሁለተኛ። በመጀመሪያው ሞግዚቷ የሠርጉን ዜና ይዛ ትመጣለች፤ ግን «አጥንቴን፣ ራሴን፣ ወገቤን» እያለች ጁልየትን ታቃጥላታለች። እንስቃለን። በሁለተኛው መርዶ ይዛ ትመጣለች፤ «ሞተ፣ ሞተ» ትላለች፣ ማን እንደሞተ ግን አትናገርም። ጁልየት ሮሚዮ መስሏታል። አንድ ዓይነት መዘግየት፣ አንድ ዓይነት ሁለት ሴቶች፣ ያውም በአንድ ቀን። ሁለቱን በተመሳሳይ ቦታ፣ በተመሳሳይ መቀመጫ አዘጋጁ፤ ተመልካቹ ራሱ ያገናኛቸዋል።

9. መድረኩን አቅልሉ

ተውኔቱ ሲጻፍ የሚታየው ከሰዓት በኋላ፣ ጣሪያው ክፍት በሆነ ቴአትር ቤት፣ በቀን ብርሃን ነበር። ጁልየትን የሚሠራው ወንድ ልጅ ነው፤ በእንግሊዝ ቴአትር ቤቶች ሴቶች መድረክ ላይ በቋሚነት የወጡት ከ1660 በኋላ ነው። ስለዚህ ሌሊቱን የሚያመጣው ቃል ብቻ ነበር። ችቦ፣ ጨረቃ፣ ኮከብ፣ «የሌሊት ጭንብል ፊቴን ሸፍኖታል» የምትለው ጁልየት፣ ሁሉ የመብራት ባለሙያ ሥራ ይሠራሉ። የመስኮቱን ትዕይንት በጠራራ ፀሐይ ግቢ ውስጥ ተለማመዱት። ሌሊት ካልመሰለ ቃሉን አልተናገራችሁትም ማለት ነው።

ሰገነት መሥራት ካልቻላችሁ አትጨነቁ። ጽሑፉ መስኮት ይላል እንጂ ሰገነት የሚል ቃል የለውም። እኛ አንድ ጊዜ ጠረጴዛ ላይ ወንበር ደርበን ሠርተነዋል፤ ልጅቷ ከፍ ማለቷና እጃቸው አለመገናኘቱ በቂ ነበር። ተዋናይ የሚወጣበትን ነገር ሁሉ ግን አስቀድሞ የሚይዝ ሰው መድቡ።

10. መቃብሩ

ወጣቶች የሚሠሩት ከሆነ ይህን ክፍል ድካም በበዛበት ቀን ማብቂያ ላይ አትለማመዱት። ራስን ማጥፋት ያለበት ትዕይንት ነው፤ በዕድሜያቸው ያሉ ልጆች ናቸው የሚሠሩት። ከልምምዱ በኋላ ሻይ ይፈላ፣ ወሬ ይወራ፣ ማንም ዝም ብሎ ወደ ቤቱ አይሂድ። ሞቱንም አታሳምሩት። አራተኛውን ደረጃ የሠራ ቡድን እዚህ የሚያየው ክብር ያለው ፍጻሜ አይደለም፤ በደቂቃዎች ያመለጠ ሕይወት ነው።

ሮሚዮ ጁልየትን ሲያያት ከንፈሯና ጉንጯ ገና ቀይ መሆኑን ይናገራል። በገዛ አፉ! ሞት ገና አላሸነፈሽም ይላታል። እየነቃች ነው፤ ያያል፣ አይረዳም። ተዋናዩ እዚህ ላይ ቸኩሎ ካለፈ ተመልካቹን ዘረፈው። እንግሊዛዊው ተዋናይ ዴቪድ ጋሪክ በ1748 ባቀረበው ዝግጅት ጁልየት ሮሚዮ ሳይሞት ነቅታ እንዲነጋገሩ አድርጎ ነበር፤ ተመልካቹም ለረጅም ዘመን ወዶለታል። የሼክስፒር ግን ይበልጥብኛል፤ መተላለፋቸው ነው የሚያመው።

አባ ሎሬንስ ሰኞ ጎህ ሲቀድ ሮሚዮን «በማስተዋል፣ በዝግታ፤ የሚሮጥ ይደናቀፋል» ብለውት ነበር። አሁን በጨለማ እየሮጡ ይመጣሉ፣ በመቃብር ድንጋይ እየተደናቀፉ። ሁለቱንም ቃል በአንድ ካርድ ላይ ጽፋችሁ ለተዋናዩ ስጡት።

ጁልየት ብቻዋን የምትቀርበት ጊዜ በጣም አጭር ነው። የዘበኞቹ ድምፅ ይሰማታል፤ እንግዲያው አሳጥራለሁ ትላለች። ከመድረኩ ጀርባ የእግር ኮቴ የሚያሰማ ሰው አቁሙ፤ እየቀረበ ይምጣ፣ ለማንም አይጠብቅ። ተዋናይቷ ለማልቀስ ጊዜ ትፈልጋለች፤ አትስጧት። ጁልየትም አልተሰጣትም።

መስፍኑ ሲጠይቃቸው አባ ሎሬንስም አሳጥራለሁ ብለው ይጀምራሉ፤ ከዚያ 40 ስንኝ ገደማ ይናገራሉ። ብዙ አዘጋጆች ይህን ንግግር፣ ተመልካቹ የሚያውቀውን ይደግማል ብለው ይቆርጡታል። እኔ አልቆርጠውም። ተመልካቹ ያውቃል፤ ሞንታግና ካፑሌት ግን ይህን ሁሉ የሚሰሙት አሁን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። አባ ሎሬንስን ከመድረኩ ጫፍ አቁሟቸው፣ መብራቱን በሁለቱ አባቶች ፊት ላይ አድርጉ። ጋብቻው ሲነገር፣ መድኃኒቱ ሲነገር፣ ያልደረሰው ደብዳቤ ሲነገር፣ ካፑሌት ሠርጉን በአንድ ቀን ማቅረቡን ራሱ ያስታውስ፤ ምንም ሳይናገር።